ሕፃን አዝሎ ደብረ ብርሃንና አንኮበር

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዞ ታሪካዊ ከተማ መጎብኘት ይቻላል። ሁሉን ማየት ግን አይቻልም። ይህን ከቤት ሳትወጡ ካመናችሁ የሚቀረው ዝግጅት ብቻ ነው። ካላመናችሁ ልጁ ራሱ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተንከባሎ ያሳምናችኋል።

ለመጀመሪያ ጉዞ ሰሜን ሸዋን የምመርጠው ቅርብ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ የሕፃን እንቅልፍና አንድ ጡት ማጥባት ያደርሳል። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆረው ከተማ፣ ምኒልክ የተወለደበት አንጎለላና የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ይገኛሉ። ሁለት ሌሊት ይበቃል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከሕፃን ጋር አይሞከርም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ከሁሉ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት በሰሜን ሸዋ መንገድ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው መንገድ ቢዘጋበት ያገኘው ቤት ያድራል፤ ዳይፐር ያለቀባት ሕፃን የያዘ ግን እንደዚያ አይችልም። በዋዜማው ማታ እዚያው ለሚኖር ዘመድ ወይም ለምታርፉበት ሆቴል ደውሉ፤ ጠዋት ሳትወጡም ድገሙት። የደወላችሁለት ሰው «እስቲ ነገ እንየው» ካለ ጉዞውን ወደ ሌላ ሳምንት አዙሩት።

ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ተመልከቱ። እዚህ አገር የቱሪስት ወቅት ሳይሆን የወሩ ቀን ነው ቦታውን የሚሞላው። በ7 የደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ግቢያቸው ይጨናነቃል። ጥር 7ና ሐምሌ 7 የሥላሴ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው፤ ያን ቀን መሄድ የምትፈልጉት ለማክበር ከሆነ ይሁን፣ ለማየት ከሆነ ግን ከሰው ጀርባ በቀር የምታዩት የለም። የገበያውንም ቀን ጠይቁ። ገበያ ለሦስት ዓመት ልጅ ትልቅ ደስታ ነው፤ በግ፣ አህያ፣ ፈረስ ጋሪ፣ ሁሉም በዓይኑ ልክ ነው። ችግሩ ልጁ በአህያውና በጋሪው እግር ልክ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገበያ ልጅ ታዝሎ የሚታይ ነገር ነው፣ ያውም ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከመሙላቱ በፊት።

ወቅቱን በተመለከተ ምርጫዬ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ የገብሱም ማሳ ገና አልታጨደም። ከኅዳር ጀምሮ ደብረ ብርሃን ሌሊቱን ውርጭ ይጥልባታል። ክረምት ደግሞ ከደብረ ብርሃን አልፎ ያለው ጣርማበርም አንኮበርም ጉም ውስጥ ናቸው፤ ገደሉን አፋፍ ላይ ቆማችሁም ላታዩት ትችላላችሁ፤ ከልጅ ጋር ደግሞ የማይታይ ገደል ከሚታየው የባሰ ነው።

የምትይዙት

አንቀልባ። የቀረውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። የልጅ ጋሪ በደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ትንሽ ይሄዳል፣ ኮብልስቶን ላይ ሕፃኑን ያንገጫግጫል፣ አንኮበር ላይ ግን ተሸካሚ የሚፈልግ ዕቃ ነው። የቆዳው አንቀልባም ሆነ አሁን በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ማሰሪያ ማዘያ ሁለቱን እጅ ነፃ ያደርጋል። ሕፃን አዝላችሁ ጋቢ ስትደርቡ ሁለት ነገር አስታውሱ፤ ፊቱ እንዳይሸፈን በየጊዜው በእጃችሁ ዳሱ፣ እግሩንም ሁለት ካልሲ አልብሱ። የታዘለ ልጅ ደረቱ በእናቱ ጀርባ ይሞቃል፣ እግሩ ግን ነፋስ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው፤ እናትየው ደግሞ ወጥታ ወርዳ ስለምታልብ ብርዱን አታውቀውም።

ለልብስ አንድ ወፍራም ጃኬት ከመያዝ ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ ማልበስ ይሻላል። ጠዋት ሁሉንም ታለብሳላችሁ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱን ታወልቃላችሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልሳችሁ ታለብሳላችሁ። ከፍታው ላይ ፀሐይዋ ብርድ እያለም ታቃጥላለችና ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋል።

ፖፖ ያዙ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በመንገድም በታሪካዊ ቦታም የምታገኙት ሽንት ቤት ለትንሽ ልጅ ጨለማና ጉድጓድ ነው፤ ልጅ ደግሞ ከፈራ ይይዘዋል፣ ከያዘው ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ፖፖ፣ ሶፍት፣ የታሸገ ውኃና የሚታሰር ከረጢት መኪናው ውስጥ ይቀመጡ። ያገለገለ ዳይፐር አንኮበር ተራራ ላይ አይጣልም፤ ይዛችሁት ውረዱ።

ምግብ ላይ ጾምን አስቡ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፣ የትንሽ ከተማ ምግብ ቤት ግን ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ብትሄዱ እንቁላልና ወተት ላታገኙ ትችላላችሁ። በሶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝና የለመደውን የዱቄት ወተት ከቤት ውሰዱ። ምግብ ቤት ስትገቡ «አልጫ ሽሮ፣ ሚጥሚጣም ቃሪያም የሌለበት» ብላችሁ አስቀድማችሁ እዘዙ። አካባቢው የወተት አገር ነው፣ ትኩስ ወተትም ይቀርብላችኋል፤ ዓይናችሁ ፊት ካልፈላ ለልጅ አትስጡ።

መንገዱ

በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ከላምበረት መናኸሪያ ነው የምትነሱት። ሕፃን በጭን ስለሚሄድ አይከፈልለትም ብላችሁ በሁለት ሰው ቦታ ሦስት ሆናችሁ አትጨናነቁ፤ የአንድ ወንበር ተጨማሪ ክፍያ ከሁለት ሰዓት ተኩል ለቅሶ ይረክሳል። በራሳችሁ መኪና ከሆነ የልጅ ወንበር ከኋላ ይታሰር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፤ ልጁ ከነእንቅልፉ ይገባና ሸኖን ካለፋችሁ በኋላ ይነቃል።

ጫጫ አካባቢ ስትደርሱ አንጎለላ ቅርብ ነው። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለደው እዚያ ነው። መውረድ አያስፈልግም፤ በመስኮት አሳዩትና ለአንኮበር የምትነግሩትን ታሪክ ከዚህ ጀምሩት።

ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ወደ ጣርማበር መዝለቅ የምትፈልጉ ከሆነ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያስፈለፈሉት ዋሻ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከ500 ሜትር በላይ ጨለማ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ ድንገት ብርሃን! ከመግባታችሁ በፊት መስኮት ዝጉ፣ የከባድ መኪና ጭስ ውስጡ ይከማቻል። ከዋሻው በኋላ ቁልቁለቱ የልጅ ጆሮ ይደፍናል፤ ሕፃኑን አጥቡት፣ ተለቅ ያለውን ውኃ ጎንጭ ጎንጭ አስደርጉት።

ደብረ ሲና ስትቆሙ ቆሎ የያዙ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። ግዙ፣ ቆሎዋ የታወቀች ናት፣ ግን ለራሳችሁ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሽምብራ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ አይሰጥም፤ አንድ ፍሬ የአየር ቧንቧ ውስጥ ከገባ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። «እኛ በቆሎ አይደል ያደግነው» የምትል አክስት አብራችሁ ካለች ከፊት ወንበር አስቀምጧት።

ደብረ ብርሃን

ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም። ከድሬዳዋ፣ ከመተሐራ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ልጅ ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ይደር። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» አይልም፤ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። እነዚህ አንድ ላይ ከታዩ መድኃኒቱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው፣ ያውም ሳይውል ሳያድር።

የመጀመሪያውን ቀን ለሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስጡ። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ ሳለ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ የከተማዋም ስም ደብረ ብርሃን ተባለ። የታሪክ ተመራማሪዎች ብርሃኑን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጭራማ ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ለአራት ዓመት ልጅ «ጭራ ያለው ኮከብ እዚህ ሰማይ ላይ ታየ» ማለት ይበቃል፤ ቀና ብሎ ይፈልገዋል፣ እናንተም በዚያ መሐል ሕንፃውን ታያላችሁ።

ጠዋት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ግቡ። ያልተጠመቀ ሕፃን ያላችሁ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ወንድ 40፣ ሴት 80 ቀን ሳይሞላ እናትም ልጅም ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ለሌሎቻችሁ፣ ጫማ ከመውለቁ በፊት ፖፖ። ልጅ ባዶ እግሩን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ እንደቆመ ሽንቱ ይመጣል፣ ይህ የማይሻር ሕግ ነው። ደረቅ ካልሲ በኪሳችሁ ይኑር። ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትጠብቁ፤ አንዳችሁ ሥዕሉን ስታዩ ሌላችሁ ቅጥር ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ልጁን አቆዩ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ካህኑ ሲያገኟችሁ «አባቴ፣ ይባርኩልን» ብላችሁ ልጁን አቅርቡ። መስቀል መሳለም ልጅ የሚወደውና የሚያስታውሰው ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄም ፎቶም ቀላል ይሆናል።

ሰው ሁሉ ልጃችሁን ይስመዋል፣ ይቀበላችኋል፣ አዝሎም ሊዞር ይችላል። ይህ ደግነት ነውና አትቆጡ። ሕፃኑ ገና ጥቂት ወር ከሆነና ጉንጩ ላይ መሳም ካልፈለጋችሁ «እማማ፣ ጉንፋን ይዞታል፣ እንዳይጋባብዎ» በሉ። ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ምርቃት ትጨመርላችኋለች።

ከምሳ በኋላ ተኙ። ሁላችሁም። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዛችሁ ከተማዋን አንድ ጊዜ ዙሩ፣ ብርድ ልብስ ግዙ፣ በጊዜ ግቡ። ማታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ከሰል የተያያዘበት ማንደጃ ለማስገባት ትፈተኑ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል፣ ሕፃንን ደግሞ ቀድሞ። ከማንደጃ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሞቀ ውኃ በፎጣ ተጠቅልሎ ከልጁ እግር ራቅ ብሎ፣ ለወላጆችም የአገሩ አረቄ መለኪያ ይበቃል። ለምታጠባው እናት ግን አረቄው አይሆንም፣ እሷ አጥሚት ትጠጣ።

አንኮበር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ውጡ። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ሜዳ ያልፍና ቁልቁል ይወርዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚግጡ ጭላዳዎች ካያችሁ ቁሙ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ልጅም ይለየዋል። ልጁ እጁ ላይ ብስኩት ይዞ አይውረድ፣ ልጅና ብስኩት ለዝንጀሮ አንድ ነገር ናቸው። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሣር ሲነጩ እጃቸውን እንዲያይ አድርጉት። ግማሽ ሰዓት እዚህ ብትቆዩ ቤተ መንግሥቱ አይሄድባችሁም።

አንኮበር ስትደርሱ መኪናው ከታች ይቀራል፤ ኮረብታው በእግር ነው። ሁለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲያዝል ሌላው ዕቃ ይይዛል። መራመድ የሚችል ልጅ ሽቅቡን ራሱ ይሂድ። ቀስ ይላል፣ ጉንዳን ያያል፣ ድንጋይ ይለቅማል፤ ተዉት፣ ከናንተ በቀር የሚቸኩል የለም። ቁልቁሉን ግን እዘሉት። የደከመ ልጅ የሚወድቀው ሲወርድ ነው፣ አጥር የሌለው ገደልም በዚያ በኩል ነው። አፋፍ ላይ ልጅ በእጅ ጣት ሳይሆን በክንድ ይያዛል።

ላይኛው ላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው፤ በቦታው ላይ የአንኮበር ፓላስ ሎጅ ተሠርቶበታል። ብዙ ትልልቅ ሰዎች «ይህችው ናት?» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ልጅ ግን አያዝንም፣ ቤተ መንግሥት ምን እንደሚመስል ገና አልነገሩትም። አንድ ታሪክ ብቻ ንገሩት። የእኔ ምርጫ የልጁ ምኒልክ ነው፤ አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፣ ትልቁ ንጉሥ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰደው፣ አደገና እ.ኤ.አ. በ1865 አምልጦ ወደዚህ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሸሽቶ ወደ ቤት የመመለስ ታሪክ የሦስት ዓመት ልጅም ይገባዋል። መድፍ ለሚወድ ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ንገሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መድፍ ይገኝበታል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አሳዩት፣ ያ ሁሉ ቆላ እስከ አፋር ይዘልቃል፤ ሃሪስና ሰዎቹ የመጡት በዚያ ነው።

ከታች ያለውን የአልዩ አምባን የጥንት የንግድ ከተማ ለማየት መውረድ ያጓጓል። ልጁ እስኪያድግ አቆዩት። እዚያው ኮረብታው ላይ ምሳ ብሉና ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ።

ጥምቀት ላይ ከሆነ

በጥር 11 አንኮበርን ወይም ደብረ ብርሃንን ማየት የምትፈልጉ አትከለከሉም፣ ግን ሥራው ሌላ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ልጃችሁን ነጭ ካለበሳችሁት ከጠፋ አታገኙትም። ከነጩ በላይ ቀይ ወይም ቢጫ ሹራብና ኮፍያ ይደረብ። ጠዋት ከቤት ስትወጡ በዚያው ልብሱ ፎቶ አንሱት። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ወረቀት ኪስ ውስጥ አይቆይም። ተለቅ ያለውን «ከጠፋህ እዚያው ቁም፣ አትሂድ፣ ዩኒፎርም የለበሰ የሰንበት ተማሪ ወይም ልጅ ያዘለች እናት ጥራ» ብላችሁ አስለምዱት። የአባቱንና የእናቱን ሙሉ ስም ይወቅ፤ «ማሚ» ብሎ የሚጠራት እናት በድምፅ ማጉያ አትፈለግም።

ታቦቱ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር ቁሙ እንጂ በመንገዱና በውኃው መካከል አትግቡ፤ ጠበሉ ሲረጭ ግፊያው የሚመጣው ወደዚያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ይዛችሁ ልጁን ትከሻ ላይ አድርጉት። ጠበሉ ከነካው ወዲያው ደረቅ ልብስ ቀይሩለት፣ የጥር ጠዋት እዚያ ከፍታ ላይ ቀልድ አይደለም። ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ለበረከት መሄድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለጉብኝት ብቻ ግን ሕፃን ይዞ ብዙ ሕሙማን ወደሚሰበሰቡበት ቦታ መሄድን አልመክርም።

ቢታመም

ተቅማጥ ከጀመረው ኦ.አር.ኤስ. በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ስጡት፣ ጡት አታቋርጡ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ከፈዘዘ ደብረ ብርሃን ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ስለዚህ ነው አዳሩን ደብረ ብርሃን ያደረግነው። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አታሳድሩት።

ጓሳስ?

ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ያጓጓችኋል። የመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለበት፣ መንዝም ባና የሚባለውን ብርድ ልብሷን የምትሠራው ከበጎቿ ሱፍ ነው። ከፍታው ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ያቆራምዳል፣ ስንቅ ይዞ መሄድ ይጠይቃል፣ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ በንጋት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ የሁለት ዓመት ልጅ አልተወለደም። ለጓሳ አምስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቁ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ይበቋችኋል።